ከስልክ የሚሰፋ፣ ከታብሌት የሚያንስ፣ ኪስ የሚገባ ነገር ይጠቅማል ወይስ ትርፉ ሸክም ነው?

የግቢው_አስጎብኚ
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጎንደር ልጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ፋሲል ግቢ፣ መዋኛው፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ነኝ። ለእንግዳ የማሳየው ፎቶና ንድፍ ደግሞ ብዙ ነው። የአፄ ኢያሱ ግንብ ዛሬ ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ ግቢው ላይ የደረሰውን ጉዳት በአፍ ብቻ ስትነግረው እንግዳው "እህ" ብሎ ያልፋል። የፋሲለደስ መዋኛም ያው ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው። በግንቦት የመጣ ሰው የሚያየው ባዶ ገንዳ ነው። ያኔ ስልኬን አውጥቼ "በጥር 11 ይኼን ይመስላል" እላለሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አምስት ስድስት ሰው አንድ ስልክ ላይ ሲያጎነብስ ፊት ያለው ያያል፣ ኋላ ያለው የፊተኛውን ማጅራት ያያል። ከጓደኛዬ 10 ኢንች ታብሌት ተውሼ ሞክሬአለሁ። ለማሳየት ግሩም ነው። ግን ክንድ ያዝላል። ቦርሳ ውስጥ ከከተትኩት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎቶ ዚፕ መክፈትና መዝጋት ነው፤ ወሬዬ ይቆረጣል።

እና ጥያቄዬ፦ 7 ወይም 8 ኢንች የሆነ፣ ጃኬት ኪስ የሚገባ ታብሌት ያዋጣል? የሚጠቀም አለ? ወይስ ስልኬ 6.7 ስለሆነ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም?

አዘዞ_ነኝ
ወንድሜ፣ ገንዘብህን አስቀምጥ። አንተ የምትለው ዕቃ ድሮ ተወልዶ ድሮ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴል ስትሪክ የሚባል 5 ኢንች አወጣ። ሰው "ይኼ ስልክ ነው ወይስ ታብሌት?" ብሎ ሳቀ። በዓመቱ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖትን በ5.3 ኢንች ይዞ መጣ፤ አሁንም ተሳቀ። ዛሬ 5 ኢንች ስልክ ፈልግና አምጣልኝ እስቲ! ስልኩ ራሱ አድጎ መሀል ያለውን ዋጠው። ከ6.7 ወደ 7 ለመሄድ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ቻርጀር፣ ሌላ ሲም? ኧረ ተው።

የአፕሉ መሥራች ስቲቭ ጆብስም በኦክቶበር 2010 ስለ 7 ኢንች ታብሌቶች ሲናገር ገና ሳይወለዱ የሞቱ ናቸው ብሎ ነበር። ተጠቃሚው ጣቱን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ካላሳነሰ በቀር ቁልፉን አይመታውም እያለ ቀልዶባቸዋል።

ሲስተር_ም
አዘዞ፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምከው እኮ። በ2012 አይፓድ ሚኒን በ7.9 ኢንች ያወጣው ማን ሆነና? ያው የሱ ኩባንያ። እስከ ዛሬም እየሠሩት ነው። በዚያው ዓመት ጎግል ከአሱስ ጋር ኔክሰስ 7ን አውጥቶ ሰው ተሻምቶበታል። "ሞቷል" ለማለት አትቸኩል።

እኔ ነርስ ነኝ። ወንድሜ አስጎብኚው፣ ለኛ ሥራ ይኼ መጠን ልክ ነው። ምክንያቱም ጋዋን እንለብሳለንና! የጋዋን ኪስ ሰፊ ነው፤ 8 ኢንች ይገባል። የሕክምና መመሪያው፣ የመድኃኒት መጠን ማስያው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ስልክ አውጥቼ ስነካካ ግን አስታማሚ "እቺ ልጅ በሽተኛ አስተኝታ ቴሌግራም ታያለች" ነው የሚለው። ታብሌት ስይዝ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኛል፤ ለእነሱም ይመስላቸዋል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሸንታ_ማዶ
"ኪስ የሚገባ" ስትሉ የማን ኪስ? የሴት ሱሪ ኪስ ውስጥ እንኳን ታብሌት ቁልፍ አይገባም። ሲስተር በጋዋኗ ዳነች እንጂ ለሌሎቻችን ይኼ የቦርሳ ዕቃ ነው። ቦርሳ ከያዝኩ ደግሞ 10 ኢንቹን ልያዝ።

ጠጋኙ_ፒያሳ
ስልክና ታብሌት ነው የምጠግነው። ሁላችሁም ኢንች ኢንች ትላላችሁ። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ያታልላል። የዛሬ ስልክ የሚያድገው ወደ ቁመት እንጂ ወደ ጎን አይደለም።

ቁጥሩ ይኸው። 6.7 ኢንች ስልክ፣ አሁን በተለመደው 20 ለ 9 ቅርጽ፣ የስክሪኑ ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ 15.5። እንደ ኔክሰስ 7 ያለ 16 ለ 10 ቅርጽ ያለው 7 ኢንች ታብሌት ደግሞ ወርዱ 9.4፣ ቁመቱ 15.1 ነው። በቁመት ስልኩ ይበልጠዋል! በኢንች ልዩነቱ 0.3 ብቻ ነው፣ በወርድ ግን ከ2 ሴንቲ በላይ።

አሁን ወደ አንተ ሥራ እንምጣ። ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ 3 ነው። ስልክህን በአግድም ይዘህ ስታሳይ ፎቶው ወርዱን ብቻ ይሞላና ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቦታው 65 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 7 ኢንቹ ላይ ያው ፎቶ 118 ገደማ ይይዛል። 8.7 ኢንች ላይ፣ ለምሳሌ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ላይ፣ 170 ያልፋል። ስለዚህ "ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም" ያልከው ልክ አይደለም። ፎቶ ለሚያሳይ ሰው 7 ኢንቹ ከስልኩ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። 8.7ቱማ ከእጥፍም ያልፋል።

አዘዞ፣ ስልኩ መሀሉን ዋጠው ያልከው ለቲክቶክ እውነት ነው። እሱ ቁመት ነው የሚፈልገው።

አሁን መጥፎውን ልንገርህ። ገበያ ላይ "7 ኢንች ታብሌት" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው የልጆች መጫወቻ ነው። ስክሪኑ 1024 በ600 ነው፤ በአንድ ኢንች 170 ፒክስል እንኳ አይሞላም። የስክሪኑ ወርድ 720 ፒክስል የሆነ ተራ ስልክ እንኳ 260 አካባቢ አለው። ፎቶህ ትልቅ ግን ደብዛዛ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 512 ጊጋ፣ 12 ጊጋ ራም ብለው ይጽፉበታል። ሴቲንግ ውስጥ ስትገባም ያንኑ ያሳይሃል፤ ሶፍትዌሩን ነካክተውት ነው። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይኼ ነው። ከመግዛትህ በፊት ትልልቅ ቪዲዮ ገልብጥበትና መልሰህ ክፈት። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ቪዲዮው አይከፈትም።

ማራኪ_ዶርም
ጠጋኙ ያለውን ወርድ እኔ ለፒዲኤፍ ልጨምርበት። የኛ ሃንድአውት ሁሉ በኤ4 ነው የሚመጣው። የኤ4 ወርድ 21 ሴንቲ ነው። በ7 ሴንቲ ስክሪን ሙሉ ገጹን ስታየው ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ 12 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያው ማለቴ ነው) የነበረ ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። 7 ኢንች ታብሌት ላይ 5.4 ነው። 8.7 ላይ 6.5። ማንኛውም አይነበብም ብል ይሻላል።

ስልኩን አግድም ስታዞረው ግን ወርዱ 15.5 ስለሚሆን ፊደሉ 9 ነጥብ ሊደርስ ይቀርባል። ማለትም አግድም የያዝከው ስልክ ቀጥ ብሎ ከቆመ 8.7 ታብሌት የተሻለ ያስነብብሃል! ከገጹ ግን በአንዴ የምታየው ጥቂት መስመር ነው፤ ጣትህ ወደ ላይ ሲገፋ ይውላል። ለንባብ ከሆነ ወይ ስልክ አግድም፣ ወይ 10 ኢንች። መሀል ያለው ለኛ አይነት ተማሪ ብዙ አይረባም።

ጠጋኙ_ፒያሳ
ማራኪ፣ ታብሌቱስ አግድም አይዞርም እንዴ? 😂

ማራኪ_ዶርም
ይዞራል ይዞራል። 8.7ቱ ሲዞር 19 ሴንቲ ነው፤ 11 ነጥብ ገደማ ይሰጥሃል። እሺ፣ ትንሽ ይረባል።

ዲያቆን_ዘአንገረብ
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልምጣ። አባቶቻችን ይኼን መጠን ድሮ ነው የመረጡት። ዳዊታቸውን ማኅደር ውስጥ ከትተው፣ በጠፍር ትከሻቸው ላይ አንግተው ነበር የሚዞሩት። ሲያስፈልግ መዘዝ፣ ሲያበቃ ክተት። ኪስ ሳይሆን ማንገቻ ነው መፍትሔው። አስጎብኚው ወንድማችን ለ8 ኢንች የሚሆን ትንሽ የቆዳ ማኅደር ቢያሰፋ የሚዘጋ ዚፕ የለው፣ የሚያዝል ክንድ የለው። እንግዳም ያደንቅለታል።

ስለ ንባብ የተነሳው ላይ አንድ ነገር። የኛ ፊደል ሲያንስ ከላቲኑ ይልቅ ይጎዳል። "ሰ" እና "ሱ"ን፣ "ቀ" እና "ቁ"ን የሚለያቸው ጎን ላይ ያለች ቅንጣት ናት። በ4 ነጥብ እሷ ትጠፋለች። አማርኛ የለመደ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። ግእዝ ላይ ግን ግምት አያዋጣም፤ አንድ ፊደል ሌላ ግስ ያደርገዋል። የብራና ፎቶ ኮፒ ስናነብ ደግሞ ገጹ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ነው። አንዱን ዓምድ ብቻ አስፍተህ ካየኸው ስልክም ይበቃል። ችግሩ ከዓምድ ወደ ዓምድ ስትሻገር መጥፋት ነው። ለዚህ 8 ኢንች ለኔ ጥሩ ሆኖልኛል።

ዳባት_መንገድ
መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል የሚያደርግበት ጣቢያ እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ እዚያ ሳይሆን በሌሎች ጥናቶች ነው የዞርኩት፤ ሥራው ግን ያው ነው። ቤት ለቤት ትሄዳለህ፣ ኦዲኬ ወይም ኮቦ በሚባሉት የመጠይቅ መሙያ አፖች ላይ ትሞላለህ፣ ኔትዎርክ ስታገኝ ትልካለህ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ታብሌት ይዘው ነው ቤተሰብ የሚመዘግቡት።

ከልምድ የምነግርህ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ በአንድ እጅ መያዝ። መዳፍህ ከኋላ አቅፎ በአውራ ጣትህ ጠርዙን መያዝ ካልቻልክ ዕቃው ትልቅ ነው። 7 ኢንች ይያዛል። 8.7 ለብዙ ሰው እጅ ድንበር ላይ ነው፤ ታብ ኤ9 ወርዱ 12.5 ሴንቲ ነው። ከኋላ የእጅ ማስገቢያ ማሰሪያ ያለው ሽፋን ከገዛህ ግን ያልቅለታል።

ሁለተኛ ባትሪ። ሰው ታብሌት ሲባል ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ ይመስለዋል። ትንሹ ታብሌት እንደዚያ አይደለም። ታብ ኤ9 5,100 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ነው፤ ተራ ስልክም 5,000 አለው። ያው ባትሪ ሰፊ ስክሪን ያበራል ማለት ነው። መብራት የጠፋ ሌሊት ካለፈ ጠዋት ፓወር ባንክህን ይዘህ ውጣ።

ሦስተኛው፣ ለአንተ ዋናው፣ ፀሐይ። እኔ ዛፍ ሥር ወይም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሞላው። አንተ ግን መዋኛው ዳር፣ ቀትር ላይ ነው የምታሳየው። ርካሽ ታብሌት ብርሃኑ ብዙ ጊዜ 300፣ ቢበዛ 400 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው። አይፓድ ሚኒ 500 ነው። ደህና ኦሌድ ስክሪን ያላቸው የዛሬ ስልኮች ፀሐይ ላይ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ትልቅ ስክሪን ገዝተህ እንግዶችህ የራሳቸውን ፊት እንደ መስታወት እንዳያዩበት።

የግቢው_አስጎብኚ
እናንተ ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳባት፣ የፀሐዩን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። የተዋስኩትን 10 ኢንች ያሳየሁት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጥላ ላይ ነበር፤ ለካ ለዚያ ነው ግሩም ሆኖ የታየኝ።

ዲያቆን፣ የማኅደሩ ሐሳብ ተመችቶኛል። ለሥራውም ይስማማል።

እናቴ ሸንታ ማዶ፣ ጃኬቴ ባለ ውስጥ ኪስ ነው፣ የኔ ኪስ ማለቴ ነው 😄

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። የሚታጠፉት ስልኮችስ? ስልክም ታብሌትም በአንድ ላይ።

አዘዞ_ነኝ
እኔም ይኼን ልል ነበር። ከታጠፈ ስልክ ነው፣ ሲዘረጋ 7 ኢንች ከምናምን። የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ በ2019 ሲወጣ ውስጡ 7.3 ነበር። አሁን ቴክኖም ሠርቷል። አንድ ሲም፣ አንድ ቻርጀር፣ ቴሌብርህም እዚያው። ተከራክሬ የማላውቅ ያህል በዚህ እስማማለሁ።

ጠጋኙ_ፒያሳ
አዘዞ፣ ገንዘቡን አንተ ልትሰጠው ነው? ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ተራ ስልኩ እንኳ ዋጋው አይቀመስም፣ የሚታጠፈውማ የባጃጅ ቅድመ ክፍያ ነው።

ስፋቱ እውነት ነው። ያ 7.3 ቅርጹ ወደ ካሬ ስለሚጠጋ ወርዱ 10.8 ሴንቲ ይሆናል፤ ልክ እንደ 8 ኢንች ታብሌት። ለፎቶ አሪፍ ነው። ግን የመጀመሪያው ፎልድ ራሱ ሊወጣ ሲል የሞካሪዎች ስክሪን እየተበላሸ ለወራት ዘግይቷል። ከዚያ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፣ አልክድም። አቧራና ማጠፊያ ግን አሁንም አይዋደዱም። በበጋ የግቢውን ግንብ ሥር አቧራ አንተ ታውቀዋለህ። የውስጡ ስክሪን ከተበላሸ እኔ ጋ አታምጣው፤ ፒያሳ ላይ የሚያገኝልህ የለም፣ አዲስ አበባም ተገኝቶ ዋጋው ሌላ ስልክ ነው።

ለነገሩ በ7 ኢንች ታብሌትም ያው ችግር አለ። የሳምሰንግ ኤ ሲሪዝና የቴክኖ ስልክ ስክሪን ዛሬ ብትሰብር ዛሬ እቀይርልሃለሁ። ስም የለሽ ታብሌት ስትሰብር ግን ስክሪኑ በሞዴል ቁጥር ሳይሆን በፍሌክሱ (ስክሪኑን ከቦርዱ በሚያገናኘው ስስ ገመድ) ላይ በተጻፈ ኮድ ነው የሚፈለገው። ከመቶ አንዱ ይገጥማል። ስለዚህ ከገዛህ ሰው የሚያውቀውን ግዛ፣ መስታወቱ ላይ መከላከያ ለጥፍ፣ እንግዳ እጅ ላይ አትተው።

ቀበሌ_18_ነባር
ልጆቼ፣ ሁላችሁም አውቃችኋል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አስጎብኚ አይቻለሁ። ፎቶውን በኤ4 አሳትመህ ላሚኔት ብታስደርገው ምን ይጎድልብሃል? ፀሐይ አይፈራም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ እንግዳው ለእንግዳ ያቀብለዋል። የኤ4 ገጽ ደግሞ ይኼ ጠጋኙ ልጅ በካሬ ከቆጠረው ሁሉ ይበልጣል። ማተሚያ ቤት ሄደህ የምታወጣበት ገንዘብ የሁለት ሰው ምሳ አይሆንም።

ማራኪ_ዶርም
ጋሼ ክሩን ዘጉት 😂😂

የግቢው_አስጎብኚ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ለመዋኛውና ለግንቦቹ ንድፍ ነገ ጠዋት አሳትማለሁ። ይኼ ተወስኗል። ግን የጥምቀቱ ነገር በፎቶ አያልቅም። ካህናቱ ሲወርቡ፣ ውሃው ተባርኮ ልጆቹ ሲዘሉ፣ ድምፁ! ያንን ቪዲዮ ነው እንግዳው ሁለቴ ሦስቴ "ድገመው" የሚለኝ። እሱን ደግሞ ዛፉ ሥር፣ ጥላ ላይ ነው የማሳየው። ስለዚህ ታብሌቱን ለቪዲዮ ብቻ አስባለሁ። ቪዲዮ ደግሞ 16 ለ 9 ነው መሰለኝ፤ ጠጋኙ፣ እስቲ ያንን ቁጠርልኝ።

ጠጋኙ_ፒያሳ
ስልክህ ላይ አግድም 87 ካሬ ሴንቲ ገደማ። 7 ኢንቹ ላይ 128። 8.7 ላይ 200። ለቪዲዮ 7 ኢንቹ ከስልክ የሚበልጠው በግማሽ ያህል ነው፣ ለዚያ ብቻ ሁለተኛ ዕቃ አይገዛም። ወይ 8.7፣ ወይ ተወው። ድምፁ ደግሞ ከታብሌቱ ስፒከር አይወጣልህም፤ ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ጨምርበት።

ሲስተር_ም
ሲም የሚቀበለውን ነው ወይስ ዋይፋይ ብቻ? ዋጋ ላይ ልዩነት አለው። ለቪዲዮ ብቻ ከሆነ ዋይፋይ ብቻው ይበቃሃል። ቪዲዮዎቹን ቤት ሆነህ አውርደህ ጫንበት፣ በሜዳ ላይ ኔት አትመን። በክልላችን ሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ መመሪያዎቼን ቀድሜ ስላወረድኩ ነው ሥራዬ ያልቆመው። ከስልክህ ሆትስፖት መክፈትም ይቻላል ግን ሁለቱንም ባትሪ ይበላል።

ሸንታ_ማዶ
እኔ አንድ ያገለገለ 8.7 አለኝ፣ ለልጄ ገዝቼላት ስልክ ይሻለኛል ብላ ተወችው። ሽፋኑም አለ። ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቦርሳዬን አጣቦታል።

የግቢው_አስጎብኚ
እታለም፣ አሁኑኑ ጻፍኩልሽ። ጠጋኙ ሱቅ ብንገናኝ ይመችሻል? እሱ ባትሪውንና ስክሪኑን ይይልኝ፣ እኔም በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ ልሞክረው።

ጠጋኙ_ፒያሳ
ከሰዓት ኑ። ጠዋት በሬ ላይ የፎቁ ጥላ ነው ያለው፣ ምንም አያሳይህም። ቪዲዮዎቹን በፍላሽ ይዘህ ና፣ ማስተላለፊያ ገመድ እኔ ጋ አለ።